ቁምጣዬን ያያችሁ

በ70 ዓመቴ ቁምጣዬን ተሰረቅሁ። ሌባዋ የገዛ የልጅ ልጄ ናት። ለቀበሌ አቤት እንዳልል ይስቁብኛል፤ ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር «ልብዎ ገና ቁምጣ ላይ ነው?» ይሉኛል፤ ለሚስቴ እንዳልከስ ግብረ አበሯ እሷው ናት። ስለዚህ ለእናንተ ነው የምናገረው። ቢሰለቻችሁም ስሙኝ፤ ሽማግሌ ሲያማርር ማቋረጥ ነውር ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ተሂዶ፣ ማንኩሳ ሳይደረስ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ማንኩሳን የማያውቅ ካለ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በዛብህ የወለዱባት አገር ናት። የልጅ ልጄ ባሕር ዳር ትማራለች። ትምህርት ተዘግቶ መጣችና፣ ገና የጫማዋን ጭቃ ሳታራግፍ፣ «አባባ፣ ሰመር ደረሰ!» አለችኝ።

«ምን ደረሰ?»

«ሰመር።»

ሰመር! አባቶቻችን ክረምት ብለው ስም ያወጡለትን፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብለው በቀን ቆርጠው ያስቀመጡትን፣ ዛሬ ሰመር አደረጉት። ፈረንጅ ሰመር ሲል ፀሐይ ወጣች ማለቱ ነው። በስልኳ አሳየችኝ፤ ሴቶቹ አሸዋ ላይ ተሰልፈው፣ ቁምጣ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ይስቃሉ። ጭቃ የለ፣ አልቅት የለ፣ ሳማ የለ። እንዲህ ከሆነማ እኔስ ምን አስለቀሰኝ? እኛ ዘንድ በዚያው ወቅት ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚከርም። ሐምሌ ላይ ከቤት እስከ በረት የሚሄድ ሰው ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነው የሚወጣ።

ከዚያ ከሻንጣዋ አንድ ጨርቅ መዝዛ አወጣች። ሮዝ ነው። መሐረብ መስሎኝ «ለእኔ ነው?» አልኋት።

«ቁምጣ ነው አባባ። የእኔ ነው።»

ዘረጋችው። ተዘርግቶም መሐረብ ይመስል ነበር።

«ይህን ለብሰሽ የት ልትደርሺ?»

«ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። ከዚያ በቆሎ ኩትኳቶ አግዛችኋለሁ። ከሰዓት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ አለ። ችግኝ ተከላም አለ።»

ያን ዕለት የተናገርሁትን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃውም። ስለ ዘመኑ ተናገርሁ። ስለ ጨዋ ልጅ፣ ስለ ጎረቤት ዓይን፣ ስለ አጥንት ተናገርሁ። በእኛ ጊዜ የሴት ልጅ ጉልበት እንኳን ሊታይ ስሙም አይጠራ ነበር አልሁ። በዱላዬ መሬቱን እየደበደብሁ ነበር የምናገረው። ሚስቴ ምድጃው አጠገብ በርበሬ እየቀነጠሰች ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አንተስ ምን ለብሰሃል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቁምጣ።

እዚህ ላይ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ግድ ይለኛል። የጎጃም ገበሬ ቁምጣ እንደ ሌላው ቁምጣ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው። በገበያ ቀን ከቡሬ መንገድ ዳር ቁሙና እዩ፦ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ከላይ አረንጓዴ ኮት፣ ትከሻ ላይ ጋቢ፣ ዱላው ማጅራት ላይ ተጋድሞ ሁለቱ እጆች ተንጠልጥለውበት። የማያውቅ ሰው ጦር የሚዘምት ይመስለዋል፤ ጨው ሊገዛ የሚሄድ ሰው ነው። የእኔዋን ልብስ ሰፊ ነው በልኬ የሰፋት። ጨርቋ ወፍራም፣ ስፌቷ ድርብ፣ ኪሷ ደግሞ እጅን እስከ ክርን የሚውጥ። በዚያ ኪስ ውስጥ ሰንጢ፣ የበሬ ገመድ፣ የማዳበሪያ ደረሰኝ፣ አንድ እፍኝ ቆሎና ስልክ አብረው ይኖራሉ፤ ተጣልተውም አያውቁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፈራችን ዝናብ ሲነካው ሊጥ ነው። ረጅም ሱሪ ለብሶ ሞፈር የጨበጠ ሰው እኩለ ቀን ላይ በእግሩ የሚጎትተው ጨርቅ ሳይሆን ማሳውን ነው። ጉልበት ግን አንድ ጣሳ ውሃ ካፈሰሱበት ይነጻል፤ ማስጫ አይፈልግ፣ ፀሐይ አይጠብቅ። ቁምጣን እንግዲህ ፋሽን አልቆረጠውም፤ ጭቃው ነው የቆረጠው።

አባቴም ስለ ጉልበት የሚያወራው ነበረው። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ በኩል ሲገቡ፣ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጦርም በየካቲት ማለቂያ ላይ ጣሊያንን ከቡሬ ምሽግ ሲያስለቅቅ፣ እሱ እረኛ ልጅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጦርነት መድፉን አላስታወሰም፤ የእንግሊዞቹን ጉልበት እንጂ። «ይህን ያህል መኮንን፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ ካኪ ቁምጣ ለብሶ፣ ጉልበቱ ራቁቱን!» እያለ እስኪሞት ድረስ ይስቅ ነበር። ያ ጉልበቱን ያላፈረበት ጦር በመጋቢት ማለቂያ ደብረ ማርቆስ ገባ። ጉልበት መታየቱ ድል አልከለከለም ማለት ነው።

ይህንን ሁሉ ለሚስቴ ነገርኋት። «እኔ እኮ ወንድ ነኝ፤ ይህ ደግሞ የሥራ ልብስ ነው» ብዬ ደመደምሁ።

«ጭቃው ወንድና ሴት ይለያል?» አለችና በርበሬዋን መቀንጠስ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ሮዝ ጨርቅ በጠላትነት ተከታተልኋት። በጉልበቱ ነገር ስለተረታሁ ጉድለቷን መፈለግ ያዝሁ። ነቀፋ ለሚፈልግ ሰው መቼም እግዜር አይነሳውም።

በመጀመሪያ ኪሷ። ከፊት ሁለት ኪስ የሚመስል ነገር አለ። አንደኛው ውሸት ነው! አፉ ብቻ ነው ያለው፤ ጣት ልክተት ሲሉ ጨርቅ ነው። ሆድ የሌለው አፍ በዕድሜዬ ያኔ አየሁ። ሁለተኛው እውነት ነው፤ እሱም ሁለት ጣት ያስገባና «ይበቃሃል» ይላል። ልጅቱ ስልኳን እዚያ ሰክታ ኩትኳቶ ወጣች። ሦስተኛው ትልም ላይ ስንደርስ ስልኩ የለም። ተመልሰን ፈለግን፤ ጭቃ ነው፤ ሁሉም ነገር ስልክ ይመስላል። «ደውሉለት!» አለች። ደወልን። ወዲያው ከበቆሎው ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ ዘፈን ተነሣ። የጎረቤቴ በሬ ጆሮውን አቆመ። ሚስቴ አማተበች። እኔም ወንድነት ይዞኝ እንጂ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ። እንደ ድንች ቆፍረን አወጣነው፤ ጭቃው ሲጠረግለት ሰዓቱ ከረፋዱ 4 ከ20 ይላል።

ቀጥሎ ላስቲኳ። ጠዋት ስትሮጥ ከበር ላይ ቆሜ አያታለሁ። አምስት እርምጃ ትሮጥና አንድ ጊዜ ወደ ላይ ትስባለች፤ አምስት ትሮጥና አንድ ጊዜ ትስባለች። ከሩጫው ይልቅ የመሳቡ ሥራ ይበልጥ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ሰምቼው አድጌያለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጠዋት ነው።

ከዚያ ጨርቋ። አንድ ቀን ዝናብ ሲያበሰብሳት ዋለ። እርጥቡ ጨርቅ ታፋ ለታፋ ሲፋጭ አምሽቶ፣ ልጅቱ ማታ እንደ ጋላቢ እግሯን ከፍታ እየተራመደች ገባች። ሚስቴ ለጋ ቅቤ ቀባቻት። በቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ቅቤ ነው እንዲህ ለቁምጣ ጥፋት የዋለ!

መጨረሻ ላይ ስፌቷ። ማሳችን ጫፍ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ሁላችንም እንዘለዋለን። እሷም ዘለለች። «ጠርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ሽማግሌ ጆሮም አይስተውም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል፤ ይህኛው ማንም ሳይዘው ነው የተቀደደ። ልጅቱ ከማሳው እስከ ቤት የኋሊት እየተራመደች፣ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ሰላምታ እየሰጠች ገባች። መንገደኛው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ ለታላቅ ጀርባዋን አትሰጥም» እያለ መረቀኝ።

«ስንት ገዛሽው?» አልኋት ማታ።

«900 ብር።»

«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን የተረተ ሰው ለጥብቆው 900 ብር አልከፈለም።

ያሸነፍሁ መሰለኝ። «እንግዲህ ቀሚስሽን ልበሺ» አልሁ፣ ጋቢዬን እንደ ዳኛ እያጣፋሁ።

«አባባ፣ በቀሚስ ብስክሌት ስነዳ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጊዜ ሰንሰለት በልቶብኛል። ደግሞስ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በቀሚስ ነው የሮጠችው?»

ይህ ጥያቄ ከወገብ በታች ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ስታጠልቅ፣ ከዚያም ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ፣ እኔ የት ነበርሁ? ፍኖተ ሰላም ሻይ ቤት ውስጥ፣ ሬዲዮ ሥር። እልል ብያለሁ። ወንድ ሆኜ እልል ብያለሁ! ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ማራቶኑን ስትወስድ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ስትሰበስብ ደግሜአለሁ፣ ሠልሼአለሁ። ስለ ጉልበታቸው ግን ትንፍሽ አላልሁም። ጉልበቱ ወርቅ ካመጣ ባህል፣ በቆሎ ከኮተኮተ ነውር ሊሆን ነው?

ተሸንፌ ዝም እንዳልል አንድ ጥይት ቀርታኝ ነበር። «በመጋቢት 1960 ዓ.ም.» አልኋት፣ «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እንደ አንቺ የተማሩት፣ በግቢያቸው የፋሽን ትርኢት ሲደረግ በአጭር ቀሚስ የተነሣ ግርግር አላነሡም?»

«እነዚያ ‹መሬት ላራሹ› ብለው ንጉሥ ፊት የወጡት ተማሪዎች?»

«አዎ፣ እነሱ።»

«ዙፋን ያላስፈራቸው ሰዎች ጉልበት አስደነገጣቸው?»

እስቲ ይህን ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ? እኔ ሣልሁ። ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ይስላል።

ሚስቴ በዚህ ሁሉ መሐል ቡና እየቆላች ነበር። ጭሱን ወደ እኔ እያራገበች «እኔና አያትሽ የት እንደተያየን ነግሬሽ አላውቅም» አለቻት። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝና ልነሣ ስል ዱላዬን አጣሁት፤ ለካ ልጅቱ ይዛዋለች።

«ላህ ወንዝ ዳር ነው» ቀጠለች። «ቀሚሴን በመቀነቴ ሸብ አድርጌ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ልብስ አጥባለሁ። እሱ በሬ ሊያጠጣ መጣ። አጠጣና ሄደ። ተመልሶ ያንኑ በሬ አጠጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ በሬው ጠግቦ ውሃውን አላይም ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ያልጠገበው አያትሽ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስሜ እንዳይጠፋ ልክድ ብዬ እንጂ፣ ነገሩ እውነት ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ግን ስለ መቀነት ማሰብ ጀመርሁ። እናቶቻችን አረም ሲያርሙ፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ጭቃ ሲረግጡ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው በመቀነት ያስሩት ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ፈትተው ይለቁታል። ሲፈልጉ ቁምጣ፣ ሲፈልጉ ቀሚስ፤ አንድም ሰው ጉልበት ታየ ብሎ ሽማግሌ አልሰበሰበም። መቀነቱ ወገብ ይደግፋል፤ ጫፉ ላይ ብር ይቋጠርበታል፤ መርፌ ይሰካበታል፤ የሳጥን ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። ኪስ ማለት እሱ ነበር። ሴት ልጅ ኪሷን ያጣችው መቀነቷን ፈትታ ለሱቅ ልብስ እጇን የሰጠች ዕለት ነው። መቀነቱን ወሰዱባት፤ በምትኩ አፍ ብቻ ያለው የውሸት ኪስ ሰጧት። እኔ ሳምንት ሙሉ የጮህሁት በጉልበቷ ላይ ነበር፤ መጮህ የነበረብኝ ግን በዚህ ነው። የእኔ ቁምጣ እንድሠራበት ተሰፋ፤ የእሷ ግን እንድትታይበት ብቻ ተሰፋ።

ይህን ባሰብሁ ማግሥት ጠዋት ቁምጣዬ ከተሰቀለችበት ሚስማር ላይ የለችም።

ፈለግሁ። አልጋ ሥር አየሁ፤ ጎተራ ጀርባ አየሁ። በመጨረሻ በመስኮት ወደ ማሳው ሳይ፣ አረንጓዴ ነገር በበቆሎው መሐል ጎንበስ ቀና ይላል። ልጅቱ ናት፤ ቁምጣዬን ለብሳ፣ ወገቡ ሰፍቷት በአያቷ መቀነት ሁለት ዙር ጠምጥማ አስራዋለች። ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ሰንጢዬ ኪስ ውስጥ፣ ቆሎዬም ኪስ ውስጥ፤ እየኮተኮተች ቆሎዬን ትበላለች! ቦዩን ዘለለች፤ ጠርርር የለም። ሮጠች፤ መሳብ የለም። አጥሩ ጥግ ያለው ሳማ ዘንድ ስትደርስ ጨርቁ ጉልበቷ ድረስ ስለወረደ ታፋዋን ሳይነካት አለፈች።

እኔ ምን ልልበስ? አንዲት ረጅም ሱሪ አለችኝ፤ ለለቅሶ የምለብሳት። እሷን ለብሼ «ቁምጣዬን!» እያልሁ ወጣሁ። የሱሪዬ ጫፍ በመጀመሪያው እርምጃ ጭቃ ጠጣ፤ በሁለተኛው ከበደ፤ በአሥረኛው የግራ እግሬ የቀኝ እግሬን ሱሪ ረገጠ። ቦዩ ውስጥ ነው የገባሁት፣ እስከ ብብቴ። የለቅሶ ሱሪዬ ራሷ የሚለቀስላት ሆነች። ልጅቱ እየሮጠች መጥታ አወጣችኝ፤ በዚያ ቁምጣ ለመሮጥ ምንም እንዳልቸገራት ቦዩ ውስጥ ሆኜም ልብ ብያለሁ።

በቀጣዩ ገበያ ቀን ሦስታችን ፍኖተ ሰላም ወጣን። ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን በእግሩ እየመታ ነበር።

«ለማን ነው አባቴ?»

«ለዚች ልጅ።»

«ቀሚስ?»

«ቁምጣ።»

መርገጫውን አቆመና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ቀና ብሎ አየኝ። «ልክ እንደ እኔ አድርገህ ስፋ» አልሁት። «ኪሱ ላይ ካታለልኸኝ ግን እንጣላለን።»

እሱ ግን የሙያው ሰው ነው። «እንደ እርስዎ ካደረግሁማ አይሆናትም» አለ። የሴት ልጅ ወገብና ዳሌ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በወንድ ልክ ከተሰፋ ወይ ዳሌ ላይ ይጠብቃል ወይ ወገብ ላይ ይሰፋል። መቀነቱ ያስፈለገው ለዚያ ኖሯል። ስለዚህ ወገቡን ከፊት ጠፍጣፋ አድርጎ በቁልፍ፣ ከኋላ በሰፊ ላስቲክ፣ ከውስጥ ደግሞ የሚታሰር ገመድ ሊያደርግለት ተስማማን። እግሮቹ በሚገናኙበት ቦታ አራት ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ ይገጥማሉ፤ ሲዘሉም ሲቀመጡም ሸክሙ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ነው፤ ሮዟም የተተረተረችው እዚያው ነው። እዚያ ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ገባበት፤ ጭነቱ ይከፋፈላል፣ ስፌቱም ታፋ አይፍቅም።

የጨርቁም ነገር ክርክር ነበረው። እኔ ወፍራም ጥጥ አልሁ። «ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ምቹ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ይከብዳል፣ እርጥቡ ይፈትጋል» አለኝ። ጂንስማ ከረጠበ ሸክም ነው። ለማሳ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጠንከር ያለ ካኪ፣ ለሩጫ ደግሞ ቀለል ያለና ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ተመረጠ። ሁለት ሆነ፤ ሒሳቡ በእኔ ሆነ። ርዝመቱን ሲለካ «ቁጭ በይ፣ ተነሺ፣ ቁጭ በይ» አላት፤ ቆመው የለኩት ሲቀመጡ ሽቅብ ይሸሻልና። ኪሱን ራሴ ለካሁ። እጄን እስከ አንጓዬ ከተትሁ፤ ላዩ ላይም ቁልፍ አስደረግሁበት። ሚስቴም ዕድሉን አላሳለፈችም። የለበሰችውን ቀሚስ ጎን እያሳየች «ለእኔም እዚህ ጋ አንድ ኪስ» አለች። በ50 ዓመት ትዳር ይህችን ሴት ኪስ ያስፈልግሽ ይሆን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ያን ጊዜም ሣልሁ።

ጎረቤት ማውራቱ አልቀረም። ፍልሰታ ሲገባ ግን ልጅቱ ነጭ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከአያቷ ጋር ስታስቀድስ ከረመች፤ ልብስ ቦታ እንዳለው ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ለሚያወሩት ያልሁትን ለእናንተም ልድገመው። እኛ አገር ጉልበቱ ተገልጦ የታመመ ሰው አላየሁም። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ ኖሮ እግሩ ያበጠበትን ግን እናንተም እኔም እናውቃለን። ዝሆኔ እንለዋለን፤ እርግማን ነው፣ ዘር ነው እያልን ሰውን ከማዕድ እናርቃለን። ሐኪሞቹ የሚሉት ሌላ ነው፦ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል እየገባ በዓመታት ብዛት ያመጣዋል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ኮንጎ ጫማም ብትሆን ከባዶ እግር ትሻላለች። እኛ ግን ባዶ እግሩን የሚሄደውን ሕፃን አይተን ዝም ብለን እናልፍና፣ ጉልበቷ በታየባት ልጅ ላይ ሸንጎ እንቀመጣለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኛ ነው።

እንግዲህ ቁምጣ የምትገዙ ልጆች፣ ከአንድ የተሸነፈ ሽማግሌ ይህን ውሰዱ። ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁን ኪሱ ውስጥ ክተቱ፤ አንጓ ካልደረሰ መልሱት። ገልብጣችሁ የውስጡን ስፌት እዩ። ቁጭ ብድግ በሉበት፤ ባለ ሱቁ ቢስቅ ይሣቅ፣ ቦዩን የምትዘሉት እናንተ ናችሁ። ሳማ ባለበት አገር ርዝመቱ ጉልበት አካባቢ ይሁን። ከሱቅ ያጣችሁትን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ አሰፉት። ሰው ስለ ጉልበታችሁ ሲናገራችሁ እግሩን ተመልከቱ፤ ቁምጣ ለብሶ ይሆናል።

ልጅቱ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ተመለሰች። ሁለቱን አዳዲስ ቁምጣዎች ይዛለች። ሦስተኛውንም ይዛለች። ሚስቴ «ለማስታወሻ ነው፣ ተዋት» ትለኛለች፤ በማን ማስታወሻ ማን እንደሚበርደው ግን አትናገርም። አረንጓዴ ናት፤ ከኋላ በስተቀኝ ጠቆር ያለ እራፊ አላት። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ስትነዳ ያያችኋት ካላችሁ መልእክቴን አድርሱልኝ፦ ቁምጣዋን ትያዛት፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ሰንጢዬን ግን ትላክልኝ።